ለቀባሪው ማርዳት

ሶሺዮሎጂ ተምሮ የተመረቀ ልጅ ቤቱ ሲገባ ሁለት ጥያቄዎች ይጠብቁታል። አንደኛው ‹‹ለመሆኑ ምንድን ነው እሱ?›› ሁለተኛው ደግሞ ‹‹ውጭ ያስልካል?›› ነው። ለመጀመሪያው አጥጋቢ መልስ የሰጠ ተመራቂ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ለሁለተኛው ግን አፉን ሞልቶ ‹‹ያስልካል!›› የሚለው ብዙ ነው፤ ውሸቱንም አይደለም። ከሄግ እስከ ኡፕሳላ፣ ከበርገን እስከ ቢለፌልድ፣ ውቅያኖሱንም ተሻግሮ እስከ አሜሪካ ድረስ፣ ሶሺዮሎጂንና የቅርብ ዘመዶቹን ሊማር የሄደው ያገራችን ሰው ቀላል አይደለም።

ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ የሥነ ጽሑፍ መምህር ሁሉ ማመልከቻ ጸሐፊ ይመስላቸው እንደሆነ እንጃ፣ የሌላ ትምህርት ክፍል ልጆች ሳይቀሩ ለውጭ ዩኒቨርሲቲ የሚልኩትን ደብዳቤ እንዳርምላቸው ያመጡልኝ ነበር። ‹‹ጋሼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ይዩልኝ›› ይላሉ። አያለሁ። እያየሁ እያየሁ ነገሩ ራሱን የቻለ የድርሰት ዘውግ መሆኑ ገባኝ። መቼት አለው፤ ድሃ መንደር ነው። ገጸ ባሕርይ አለው፤ ሳይማሩ ያስተማሩ እናት ናቸው። ጡዘት አለው፤ ወይ ድርቅ ነው፣ ወይ የአባት ሞት። መደምደሚያው ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ ‹‹ተምሬ ስመለስ ማኅበረሰቤን አገለግላለሁ።››

በዚህች ዓረፍተ ነገር ስቄ አላውቅም። ልጆቹ ሲጽፏት ከልባቸው ነው። ስለ መመለስና ስለ መቅረት ደግሞ ብዙ ስለተባለ እዚያ ውስጥ አልገባም፤ የቀረውም የተመለሰውም የየራሱ ምክንያት አለው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሰውየው ተመለሰም ቀረም፣ ስለ እኛ የጻፈውስ ይመለሳል ወይ?

እስቲ የምኖርበትን ክፍለ ከተማ ልውሰድ። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ለሶሺዮሎጂ ተማሪ የቀረበ ሙሉ መሶብ ነው። ስሙን ብቻ እንኳ እንይ። ‹‹ንፋስ ስልክ›› ሽቦ አልባው ቴሌግራፍ በአማርኛ የተጠራበት ስም ነው፤ ‹‹ላፍቶ›› ደግሞ በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው። አንዱ ወሬ ባሕር ማዶ ያደርሳል፣ ሌላው ከበቀለበት ንቅንቅ አይልም። ሰፈሩም እንደ ስሙ ነው። ከመካኒሳ እስከ ለቡ፣ ከጎፋ እስከ ጀሞ ቢኬድ፣ የገበሬ ማሳ በነበረ መሬት ላይ ቪላና ፎቅ ቆሟል። የፋብሪካ ጡረተኛው፣ መሬቱ የተወሰደበት የገበሬ ልጅ፣ ኮንዶሚኒየም በዕጣ የደረሰው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከውጭ ገንዘብ ልኮ ቤት ያሠራው ዳያስፖራ፣ ሁሉም ክረምት ሲመጣ ያንኑ ጭቃ ይረግጣሉ። ይህን የመሰለ ነገር ደጁ እያለ ሌላ ርዕስ የሚፈልግ የሶሺዮሎጂ ተማሪ ካለ እሱን ራሱን ማጥናት ነው።

ልጆቻችንም ለነገሩ ይመጣሉ። ክረምት ላይ ሁለት ሦስት ወር ‹‹መስክ›› ይወጣሉ። ብዙ ጊዜ የሚመርጡት እድርን ነው። አዲስ ነገር አይደለም፤ ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ ስለ መረዳጃ ማኅበሮቻችን እ.ኤ.አ. በ1958 ‹‹ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር›› ላይ ጽፈዋል። ዓለማየሁ ሰይፉ እዚያው መጽሔት ላይ የአዲስ አበባን እድር በሶሺዮሎጂ ዓይን ያዩት ከዚያ ዐሥር ዓመት ቆይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በእድር ላይ የሠሩት መኩሪያ ቡልቻ ኋላ ኡፕሳላ ሄደው፣ በ1988 ወደ ሱዳን ስለተሰደዱት ወገኖቻችን የዶክትሬት ጥናታቸውን አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ ስለ እድር የተጻፈውን ቆጥሮ የሚጨርስ ያለ አይመስለኝም።

አብዛኞቹ ጽሑፎች ታዲያ አንዲት የጋራ ዓረፍተ ነገር አለቻቸው። ‹‹እድር በኢትዮጵያ የሚገኝ ባህላዊ የመረዳጃ ማኅበር ሲሆን…›› ብላ ትጀምራለች፤ በእንግሊዝኛ ነው እንግዲህ። ተማሪዎቼን ‹‹አንድ ጽሑፍ ለማን እንደተጻፈ ማወቅ ከፈለጋችሁ ምን ነገር እንደሚያብራራ ተመልከቱ›› እላቸው ነበር። የላፍቶ ሰው እድር ምን እንደሆነ እንዲብራራለት አይፈልግም። ይህች ዓረፍተ ነገር የተጻፈችው ጡሩንባ ሰምቶ ለማያውቅ ፈታኝ ነው። ጽሑፉ ገና ከደጃፉ ጀርባውን ሰጥቶናል ማለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ውጭ ይማር የነበረ አንድ ወጣት ‹‹ሽማግሌዎቹ እርስዎን ካዩ ይቀርቡኛል›› ብሎ ለምኖኝ እዚሁ ሰፈር አንድ የእድር ዳኛ ቤት አብሬው ሄድኩ። መጠይቁ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ነው። ‹‹አባባ፣ ጎረቤትዎን ምን ያህል ያምናሉ?›› አለና አምስት ምርጫ አነበበላቸው፤ ከ‹‹በጣም አምናለሁ›› እስከ ‹‹ፈጽሞ አላምንም››። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና ‹‹ለምኑ?›› አሉ።

‹‹እንዲያው በጠቅላላው አባባ።››

‹‹በጠቅላላው የሚባል የለም ልጄ። ለገንዘብ ከሆነ አላምነውም። አምና የወሰደውን መሰላል እስካሁን አልመለሰልኝም። ለሬሳዬ ከሆነ ግን ከወንድሜ አብልጬ አምነዋለሁ።››

የልጁ እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ወርዶ ‹‹መካከለኛ›› የሚለው ላይ ምልክት አደረገ።

እንግዲህ ፍረዱ። ለብድር አላምነውም፣ ለቀብር አምነዋለሁ የሚል ሰው መካከለኛ እምነት አለው? ያቺ መልስ እኮ ራሷን የቻለች ምዕራፍ ናት። ጥያቄው የተወለደው ሌላ አገር፣ በሌላ ጭንቀት ነው። ሮበርት ፑትናም የሚባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው እውቅ መጽሐፉ አሜሪካውያን በቡድን ቦውሊንግ መጫወት እየተዉ ብቻቸውን መጫወት ጀመሩ፣ ማኅበራቸው ሳሳ፣ እርስ በርስ መተማመናቸውም ቀነሰ ብሎ ተጨነቀ። ‹‹ማኅበራዊ ካፒታል›› የሚለውን ቃል አገር ያወቀው በዚህ ክርክር ነው። በመጨነቁ አልወቅሰውም። ልብ በሉ፣ እሱ የጻፈው ስለ ጎረቤቶቹ፣ ጎረቤቶቹ በሚያነቡት ቋንቋ ነው። የእኛ ልጅ ከእሱ መለኪያውን ወሰደና ይህኛውን ነገር እዚያው ትቶት መጣ።

ሌላም ሰው ትዝ ይለኛል፤ ዶናልድ ሌቪን። የቺካጎው ሶሺዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ እዚህ መጥቶ፣ አማርኛ ተምሮ፣ መንዝ ከገበሬው መሀል ተቀምጦ ያጠናውን በ1965 ‹‹ሰምና ወርቅ›› ብሎ አሳተመው። የቅኔን ስልት ቁልፍ አድርጎ የአማራን ማኅበረሰብ አስተሳሰብ ሊከፍት ሞከረ። ባለሁለት ፍቺ አነጋገር ለነባሩ ኑሮ ብዙ ይጠቅማል፣ ዘመናዊ ሕይወት ግን ቁርጥ ያለ፣ ባለአንድ ፍቺ ቋንቋ ይፈልጋል ነው፣ ባጭሩ።

በዚህ ላይ ከሌቪን ጋር ሰላም የለንም። ቅኔ ተማሪ ቤት ተገብቶ ዓመታት የሚፈጅ ሙያ ነው። የአንድን ሙያ ሕግ ወስዶ የሕዝብ ጠባይ ማድረግ፣ የሸማኔን ጥለት አይቶ አገሬው ሁሉ ባለጥለት ነው እንደማለት ይቆጠራል። የእድሩ ዳኛ በረንዳ ላይ የሆነውም የተገላቢጦሽ ነው። አሻሚው የዘመናዊው ትምህርት መጠይቅ ነበር፤ ‹‹ለምኑ?›› ብለው ቁርጥ ያለ ነገር የጠየቁት ሽማግሌው ናቸው። በዚያ ላይ ‹‹እምነት›› የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ሃይማኖትንም የሚጨምር መሆኑን ተርጓሚው ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

ሆኖም ሌቪን አንድ ነገር አድርጓል፤ ቋንቋውን ተምሯል። የገበሬውን አነጋገር ሲሰማ በአምስት ሳጥን አልከፋፈለውም። እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ሌላ መጽሐፍ ደግሞ ርዕሱን ‹‹ከአሻሚነት ሽሽት›› ብሎ፣ የአማራውንና የአሜሪካዊውን አነጋገር እያስተያየ፣ ዘመናዊው ማኅበራዊ ሳይንስ አሻሚነትን ሲሸሽ ምን እንደጎደለበት አስረዳ። መንዝ ያገኘውን ቺካጎ ወስዶ ለባልንጀሮቹ ነገራቸው ማለት ነው። በሱ በኩል ሒሳቡ ተዘግቷል። ባዕዱ አማርኛችንን ለመማር ያን ያህል ሲለፋ፣ አማርኛን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ልጃችን ቦሌ ላይ አውልቆት መሄዱ ነው የሚገርመኝ።

ውጭ ሄዶ ሶሺዮሎጂ መማር የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። ጥቁር አሜሪካዊው ዱ ቦይስ እ.ኤ.አ. ከ1892 እስከ 1894 በርሊን ተምሮ ተመለሰና በፊላዴልፊያ የጥቁሮችን ሰፈር ቤት ለቤት እየዞረ አጥንቶ በ1899 መጽሐፉን አወጣ። ታልኮት ፓርሰንስ በ1920ዎቹ ሃይደልበርግ ተምሮ አገሩ ገባና በ1930 የማክስ ዌበርን ስለ ፕሮቴስታንት ሥነ ምግባርና ስለ ካፒታሊዝም መንፈስ የተጻፈ መጽሐፍ ከጀርመንኛ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። አሜሪካ ዛሬ ለእኛ ልጆች የምታስተምረውን ሶሺዮሎጂ እሷም በጊዜዋ ከውጭ በተመለሱ ተማሪዎች አስተርጉማ ነው ያገኘችው።

እኛም ቢሆን ባዶ እጃችንን አይደለንም። ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ በአውሮፓ ተምረው ሲመለሱ የአገራቸውን ችግር ያብራሩት ለአገራቸው ሰው፣ በአማርኛ ነው። ‹‹መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር›› ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ፤ እንግሊዝኛ አንባቢ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ተራውን ጠበቀ! ከዚያ የመጣው የተማሪዎቹ ንቅናቄ ትውልድ ደግሞ፣ ዘመኑ ስንቱን ወጣት እንደበላ ሳልረሳ እላለሁ፣ ቃል ለመፍጠር አልሰነፈም። ‹‹ወዛደር›› ብሎ አዲስ ቃል አመጣ። ‹‹መደብ›› እናቶቻችን ቤት እንግዳ የሚያርፍበት የጭቃ መቀመጫ ነበር፤ እነሱ ማርክስን አስቀመጡበት። ተስማማናቸውም አልተስማማናቸው፣ ምን እንደሚሉ ገበሬው ሰምቶ ሊቃወማቸው ይችል ነበር። የዛሬውን ‹‹ሶሻል ካፒታል››ና ‹‹ኮሚዩኒቲ›› ማን ሰምቶ ይቃወመዋል?

ይህን ሐሳቤን ለአንድ ወጣት መምህር ባጫውተው ሳቀ። ‹‹ጋሼ፣ ስለ እድር ለእድርተኛ መንገር እኮ ለቀባሪው ማርዳት ነው!›› አለኝ። ተረቷ ቦታዋን ያገኘች ትመስላለች። ግን አላገኘችም። ዳኛው የራሳቸውን መዝገብ በቃላቸው ያውቁታል፤ ማን መዋጮ እንዳልከፈለ፣ ማን ከንፍሮው ቀድሞ ከዕንባው እንደሚዘገይ አሳምረው ያውቃሉ። የማያውቁት፣ ያስጨነቃቸው ነገር ሌላ ወረዳ ያሉትን ዐሥር እድሮችም አስጨንቆ እንደሆነ፣ ከዐሥሩ ውስጥ የተወጡትም በምን ብልሃት እንደተወጡት ነው። ሶሺዮሎጂ ከአንድ በረንዳ የማይታየውን ማየት ካልሆነ ሌላ ምን ሙያ አለው?

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በ1990ዎቹ ማገባደጃ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ሲጀመርና ኋላም ሰዉ ከመሀል ከተማ ጀሞን ወደመሳሰሉ ሰፈሮች ሲጓዝ፣ ከዕቃው ጋር የማይጫን አንድ ነገር ነበረው፤ እድሩ። ነዳፊዎቹ ለእርድና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ ቤት አስበውለታል፤ ደግ አደረጉ። ሰዉ ግን የድሮውን እድር ልተው ወይስ ሁለት ልክፈል እያለ ሲወዛገብ ከረመ። ድንኳኑ ሁለት ሕንፃ መሀል ይተከል ወይስ መኪና ማቆሚያው ላይ? አራተኛ ፎቅ ላይ ለሞተ ሰው ጡሩንባው የት ቆሞ ይነፋ? ይሄ ሁሉ በየኮንዶሚኒየሙ በልምድ፣ በጭቅጭቅ፣ አንዳንዴም በኩርፊያ መልስ አግኝቷል።

ከዚያ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ያው ጥያቄ እንደ አዲስ ተጀመረ። አባላቱ ዳር ለዳር ሲበተኑ የባንክ ደብተሩ የማን ነው? ወንበሩ ይሸጥ ወይስ ይከፋፈል? ሃያ ዓመት የከፈሉ መበለት አዲሱ ሰፈር ሲገቡ መመዝገቢያ እንደ አዲስ ገቢ ይክፈሉ? ጀሞ የገባው ሰው ይህን ፈተና ቀድሞ ተፈትኖታል። የተፈተነውን ጠይቀው የጻፉ ልጆችም አሉን። ጽሑፋቸው ግን ባሕር ማዶ መደርደሪያ ላይ፣ ከፍ ካለም ኮምፒውተር ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ ተቀምጧል። ንፋሱ ወሬውን ወሰደው፤ ግራሩ አልሰማም።

ጥፋቱን ሁሉ ልጆቹ ላይ መጫን ግን ግፍ ነው። ፈታኙ አማርኛ አያነብም። አገር ቤት ገብተው መምህር ቢሆኑም ዕድገት የሚያስገኘው ውጭ መጽሔት ላይ የወጣው ነው፤ ለእድር ስብሰባ የተነበበ ወረቀት ማንም አይቆጥርላቸውም። በሩም እየጠበበ ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2011፣ ኖርዌይ ደግሞ በ2023 ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣውን ተማሪ ማስከፈል ጀምረዋል፤ እንደምንም ያለፈው ልጅ ጊዜውና ገንዘቡ ሳያልቅ ለመጨረስ ይጣደፋል። ተጣድፎ የሚሠራ ሰው ‹‹ለምኑ?›› ሲባል ‹‹መካከለኛ›› ላይ ምልክት ቢያደርግ አይገርምም። በዚህ መሀል እነ ደሳለኝ ራህመቶ እ.ኤ.አ. በ1998 ያቋቋሙት የማኅበራዊ ጥናት መድረክ ጥናትን ወደ አደባባይ ውይይት ሲያወጣ መኖሩን ሳላነሳ ማለፍ ንፉግነት ነው። አዳራሽና መንደር ግን ይለያያሉ።

እኔ የምለው መጽሐፉ ሁሉ ይተርጎም አይደለም። ማን አቅም አለው! ሁለት ገጽ ትበቃለች። ‹‹ያን ጊዜ ጠይቄዎት የነበረው ይህ ነው፤ እርስዎ ያሉኝ ይህ ነው፤ ሌሎቹ ያሉት ይህ ነው›› የምትል፣ በአማርኛ፣ ላፍቶ ዳር ካሉት ነባር ገበሬዎች ዘንድ ከሆነም በኦሮምኛ። ልጁ ካልተመለሰ ደግሞ እህቱ አትማ ታድርስለት።

የሚነበብበት ቦታ እንደሆነ አይጠፋም። እኛ ሰፈር እድሩ በወር አንድ እሑድ ጠዋት ይሰበሰባል። አጀንዳው ሁሌም አንድ ነው፤ መዋጮ፣ ቅጣት፣ ልዩ ልዩ። መዋጮው ይከፈላል፣ ቅጣቱ ላይ ይጨቃጨቃሉ። ልዩ ልዩ የሚለው ላይ ሲደረስ ጸሐፊው ዞር ዞር ብለው ያዩና ‹‹የሚነሳ ነገር የለም?›› ይላሉ። የሚያነሳ አይኖርም፤ ሰዉ ወንበሩን አጥፎ ይሄዳል።