የሰፈር ፎቶ ሲመዘን

የሰፈር ፎቶ ሲያሳዩኝ ዐይኔ ቶሎ የሚሄደው ወደ እጅ ነው። ጉሊት ላይ ያለችው ሴት ሽንኩርት ስትመድብ፣ ጎረቤቷ ብር ስትዘረዝርላት ካየሁ፣ አንሺው እስኪለመድ ድረስ ቆይቷል እላለሁ። ካሜራ ያየ ልጅ ሁሉ እየሳቀ ይሰለፋል፤ ያ ሳቅ ለእንግዳ የሚሰጥ ነው። ልጆቹ ሰልችቷቸው ወደ ብያቸው ሲመለሱ የተነሣው ይበልጥብኛል።

ሌንስን ማየት ራሱ ግን ጥፋት አይደለም። ፎቶ አንሺው ብሩስ ዴቪድሰን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በኒውዮርክ ምሥራቅ ሀርለም አንዲት መንገድ ላይ ሁለት ዓመት ሲመላለስ፣ ትልቅ ካሜራውን በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አቁሞ፣ ሰዎቹን አስፈቅዶ ነበር የሚያነሣው። ያነሣውንም አትሞ ይሰጣቸው ነበር። በ1970 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ በሆኑት በእነዚያ ፎቶዎች ውስጥ ሰዎቹ ቀጥ ብለው ያዩናል፤ ራሳቸው ወደውና ተዘጋጅተው።

ቁመትም ይታይ። ዱካ ላይ የተቀመጠችን እናት ቆሞ ያነሣ ሰው ቁልቁል አይቷታል፤ በርከክ ማለት ምን ይከብዳል? የዛገ ቆርቆሮና የተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ በጥቁርና ነጭ ያምራል፣ አውቃለሁ። ግድግዳው ከሰውዬው በላይ ከተደከመበት ግን ያን ፎቶ ወደ ጎን አደርገዋለሁ።

ለቅሶ ቤት ደግሞ ብዙ አንሺ ይወድቃል። የምታለቅስን ሴት ፊት ተጠግቶ ማንሣት ለእኔ ድፍረት ነው። ከጓሮ ሽንኩርት የሚልጡትን፣ የእድሩን ድንኳን ገመድ የሚወጥሩትን ጎረምሶች፣ አግዳሚ የተሸከሙትን አዛውንት ያሳየኝ፤ ሰፈሩ ሰፈር የሆነው እዚያ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ፒያሳ ሲፈርስ የፍርስራሽ ፎቶ ሞልቶ ነበር። እኔን የሚያስቆሙኝ ከዚያ በፊት የተነሡት ናቸው፦ የጋራ ቧንቧው ጋ የተደረደሩ ጀሪካኖች፣ የትኛው ደጃፍ ላይ ማን ይቀመጥ እንደነበር።

ከምወዳቸው መካከል አንድ የቡና ፎቶ አለ። ረከቦቱ ላይ ስምንት ሲኒ ተደርድሯል፣ የተቀመጡት ሦስት ሴቶች ብቻ ናቸው። ከጀርባቸው፣ ደብዘዝ ብላ፣ አንዲት ልጅ የጎረቤትን የቆርቆሮ በር ታንኳኳለች።