ስለ ስድስቱ ዕለታትና ስለ ወልድያ ተራሮች ዕድሜ የተሰጠ ሐተታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ ምዕራፍ አዘውትሮ የሚነበብ፥ ነገር ግን አልፎ አልፎ ብቻ የሚመረመር ክፍል ነው። ይህን ምዕራፍ በዛሬው ዘመን የሚያስተምሩና የሚከራከሩበት ሰዎች በሦስት ወገን ተከፍለዋል። አንደኛው ወገን የሥነ ምድር ሊቃውንት ስለ ድንጋይ ዕድሜ የሚናገሩት ሁሉ ሐሰት ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን የድንጋዩ ዘመን እውነት ከሆነ ሙሴ ተሳስቷል ይላል። ሦስተኛው ወገን ሁለቱን ለማስታረቅ ሲል ስድስቱን ዕለታት ስድስት ረጃጅም ዘመናት አድርጎ ያካፍላል። ሦስቱም በነገር ቢለያዩ በአንድ ስሕተት ይገናኛሉ፤ ይኸውም መጽሐፉን ሊመልስ ያልተጻፈበትን ጥያቄ መጠየቃቸው ነው።

ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ ክርክር እንዳይመስል ምስክሩ በወልድያ፥ በመርሳና በሀብሩ ዙሪያ ቆሟል። ከወልድያ ተነሥቶ በዲልብ በኩል ወደ ላሊበላ የሚወጣ መንገደኛ ገደሉን አስተውሎ ቢመለከት ጥቁር ድንጋይ በጥቁር ድንጋይ ላይ ተነባብሮ ያያል። ይህ ድንጋይ ከምድር ሆድ ቀልጦ ወጥቶ በምድር ፊት ፈስሶ የረጋ ነው። በወሎና በጎንደር ተራሮች በንብርብሩ መካከል በየቦታው ቀይ አፈር እንደ መቀነት ተዘርግቶ ይገኛል። ቀዩ አፈር የረጋው ድንጋይ በፀሐይና በዝናብ ብዛት ፈርሶ የሆነው ነው፤ ከዚያም ሌላ የእሳት ጎርፍ መጥቶ በላዩ ተኛበት። ድንጋይ ፈርሶ አፈር እስኪሆን የአንድ ሰው ዕድሜ እንዳይበቃ በሀብሩ ተዳፋት ላይ ድንጋይ ለቅሞ እርከን የሚሠራ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ እያንዳንዱ ቀይ መቀነት በሁለት እሳት መካከል ያለፈ የዕረፍት ዘመን ነው።

የዚህ ድንጋይ ዕድሜ በመላ ምት የተነገረ አይደለም። በድንጋዩ ውስጥ ፖታሲየም የሚባል ነገር አለ፤ ከእርሱም ጥቂቱ ወገን በታወቀ ልክ ይፈርሳል፤ ግማሹ እስኪፈርስም 1250 ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል። ከሚፈርሰው ከፊሉ አርጎን የሚባል እንደ ነፋስ ያለ ረቂቅ ነገር ይሆናል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ አርጎኑ ተንኖ ይወጣል፤ ድንጋዩ ከረጋ በኋላ የሚገኘው ግን በውስጡ ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ የታሰረውን አርጎን መዝኖ ከቀረው ፖታሲየም ጋር ማነጻጸር ድንጋዩ ከረጋ ስንት ዘመን እንደ ሆነው ያሳያል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 የታተመ ጥናት የሊማሊሞንና ከወልድያ በስተ ደቡብ ምዕራብ ያለችውን የወገል ጤናን ንብርብር በዚህ መንገድ መርምሮ፥ የሚበዛው ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፥ በ1 ሚሊዮን ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ እንደ ፈሰሰ አስረድቷል።

ይህም ቢሆን ከምድር ዕድሜ አንጻር ትናንት ነው። ምድር ከተገኘች 4540 ሚሊዮን ዓመት ያህል እንደ ሆናት ሊቃውንቱ ይናገራሉ፤ የወልድያ ተራራ ዘመን ከዚህ ውስጥ ከመቶው አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። በመቀሌ ዙሪያና በዐባይ ሸለቆ ከጥቁሩ ድንጋይ በታች የኖራ ድንጋይ ይገኛል፤ በውስጡም የባሕር ቀንድ አውጣና ዛጎል አለ። ይህ አገር ባሕር የነበረበት ዘመን 150 ሚሊዮን ዓመት ያህል ወደ ኋላ ነው።

በዚህ ስፍራ አንደኛው ወገን ይነሣል፤ ዛጎሉ የማየ አይኅ፥ የኖኅ ጥፋት ውኃ ምስክር ነው ይላል። ይህ ትርጓሜ ለጆሮ ያምራል፤ በሚዛን ሲቀመጥ ግን አይጸናም። ዛጎሉ በተራራ ላይ ተበትኖ የቀረ ሳይሆን ከነድንጋዩ የተጋገረ ነው፤ ከድንጋዩም በላይ የእሳት ንብርብርና ቀይ አፈር እየተፈራረቁ ተኝተዋል። የጥፋት ውኃ ከጀመረበት ምድር እስከ ደረቀችበት አንድ ዓመት ገደማ እንደ ሆነ መጽሐፉ ራሱ ይቈጥራል። በአንድ ዓመት ውስጥ፥ ያውም ከውኃ በታች፥ እሳት ፈስሶ ረግቶ፥ በፀሐይ ፈርሶ አፈር ሆኖ፥ ደግሞ በሌላ እሳት ሊሸፈን አይችልም። ይህን የሚያስተምር ሰው መጽሐፉን የረዳ ይመስለዋል እንጂ መጽሐፉ ያልተናገረውን በመጽሐፉ ላይ ይጨምራል።

ሌላም የሚሉት አለ፤ እግዚአብሔር ዓለምን ሲፈጥር ያረጀች አስመስሎ ፈጥሯታል ይላሉ። ይህ ግን ከፊተኛው የከፋ ነው። ያልነበረን ዘመን ነበረ የሚል ምስክር በድንጋይ ውስጥ የሚያኖር፥ ሰውንም በዚያ የሚያስት አምላክ ሙሴ የሰበከው አምላክ አይደለም። ሰማያት ክብሩን እንደሚናገሩ የዘመረች ቤተ ክርስቲያን ድንጋዮች ግን ይዋሻሉ ልትል አይገባትም።

ሦስተኛው ወገን ትሑትና አስታራቂ ይመስላል፤ ስለዚህም ብዙ ተማሪዎች ይከተሉታል። ሺህ ዓመት በእግዚአብሔር ዘንድ እንደ አንድ ቀን መሆኑን ከመዝሙር ጠቅሶ፥ እሑድን አንድ ዘመን፥ ሰኑይን ሌላ ዘመን እያደረገ ከሥነ ምድር ሊቃውንት ሠንጠረዥ ጋር ያጋጥማል። ነገር ግን የዕለቱን ርዝመት ቢያስረዝምም የዕለታቱን ተራ ማስተካከል አይችልም። በኦሪት ፍሬ የሚያፈሩ ዛፎች በሠሉስ፥ ፀሐይ በረቡዕ፥ ዓሦችና ወፎች በሐሙስ፥ የምድር እንስሳት በዐርብ ተፈጠሩ። በድንጋይ መዝገብ ግን ፀሐይ ከምድር ትቀድማለች፤ የባሕር እንስሳት የበዙበት ዘመን ከ540 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፥ አበባና ፍሬ ያላቸው ዕፅዋት የሚታዩት ከ130 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ነው፤ በአራት እግር የሚሄዱ እንስሳትም ከወፎች እጅግ ይቀድማሉ። እንግዲህ ይህ አስታራቂ ሙሴንም ሊቃውንቱንም ያልተናገሩትን ያናግራቸዋል፤ ሁለቱም ወገኖች መርምረው ሲያገኙት በሁለቱም ዘንድ ይታፈራል።

ታዲያ ንባቡ እንዴት ይተርጐም ቢሉ፥ መልሱ በአባቶች ትርጓሜ ውስጥ አስቀድሞ አለ። ሊቃውንት በስድስቱ ዕለታት የተፈጠሩትን ሥነ ፍጥረት 22 ብለው ይቈጥራሉ፤ ከእነዚህም መካከል መላእክት አሉ። ዘፍጥረት ምዕራፍ አንድ ግን ስለ መላእክት መፈጠር አንዲት ቃል አልጻፈም። ቍጥሩ የመጣው ከመጽሐፈ ኩፋሌ ነው፤ በቅዱስ ኤጲፋንዮስ ስም የሚጠራው አክሲማሮስም የመላእክትን ነገር አስፍቶ ይተርካል። እንግዲህ ሙሴ የፍጥረትን ዝርዝር ሁሉ እንዳልጻፈ፥ ብዙውንም በዝምታ እንዳለፈው ሊቃውንቱ ከጥንት ጀምሮ ተቀብለዋል ማለት ነው። ሙሴ ስለ መላእክት ዝም ማለቱ መላእክትን ካላጠፋቸው፥ ስለ ወልድያ እሳት ዝም ማለቱ እሳቱን አያጠፋውም።

ደግሞም ሦስቱ ዕለታት ያለ ፀሐይ አለፉ። ፀሐይ በሌለበት ማታና ጧት በምን ይለካል ብሎ መጠየቅ የኋለኛ ዘመን ተንኰል አይደለም፤ ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ ስድስቱ ዕለታት በሰበካቸው ዘጠኝ ስብከቶች መጽሐፉ የፊተኛውን ቀን ፊተኛ ሳይል ስለ ምን አንድ እንዳለው መርምሮ፥ ቃሉን ወደ ዘለዓለም ምሥጢር አውጥቶታል። አንድም ብሎ መተርጐም ማለት ይህ ነው፤ ንባቡን ሳይንቁ ምሥጢሩን መፈለግ።

ምሥጢሩም ይህ ነው። ሙሴ የተናገረው በግብፅ ባርነት ፀሐይ አምላክ ተብላ ስትመለክ ላየ ሕዝብ ነው። ፀሐይን ወደ ረቡዕ አውርዶ፥ ከሣርና ከዛፍም በኋላ አድርጎ ሲያስቀምጣት አምልኮቷን ሻረ፤ ፍጥረት እንጂ ፈጣሪ አይደለችምና። የተራው ትርጉም የዘመን ሠንጠረዥ ሳይሆን የአምልኮ ትምህርት ነው። ሁለተኛው ወገን ሙሴ ተሳስቷል የሚለው ይህን ስላላስተዋለ ነው፤ የባሕረ ሐሳብን መጽሐፍ ከፍቶ የመድኃኒት ስም ያጣ ሰው መጽሐፉን ሊነቅፍ አይችልምና።

የዓመተ ዓለም ቍጥርም እንዲሁ ነው። ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን ተብሎ ይቈጠራል፤ በ2000 ዓ.ም. 7500 ሞላ። ይህ ቍጥር የትውልድን ሐረግ ይዞ ጾምንና በዓልን ለማውጣት ያገለግላል፤ ለዚያም ታማኝ ነው። ነገር ግን ከዕብራይስጡ የሚቈጥሩ አይሁድ ከ1700 ዓመት በላይ ያሳንሱታል። መጻሕፍቱ ራሳቸው በዚህ ያህል ከተለያዩ፥ ቍጥሩን የሃይማኖት ምሰሶ አድርጎ የተራራን ዕድሜ በእርሱ መለካት አይገባም።

እስካሁን የተነገረው ስለ ድንጋይ ነው፤ ከባዱ ነገር ስለ ሰው ያለው ነው። የሀብሩ ወንዞች ወደሚወርዱበት ወደ ምሥራቅ፥ ወደ አፋር ዝቅታ ቢሄዱ ምድሪቱ ዛሬም ትሰነጠቃለች፤ በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ምድር እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። በዚያው ዝቅታ፥ ያን ጊዜ የወሎ ክፍል በነበረው በሐዳር፥ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ ጾመ ነቢያት በሚገባበት ቀን፥ ድንቅነሽ የተባለችው አፅም ተገኘች፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ዶክተር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ የሚመሩት ጓድ በሚሌ አካባቢ የ3.8 ሚሊዮን ዓመት የራስ ቅል አገኘ። እነዚህ በሁለት እግር የሚሄዱ፥ ነገር ግን እንደ ዛሬ ሰው ያልሆኑ ፍጥረታት ናቸው።

ይህ ብዙ ምእመናንን ያስደነግጣል። ነገር ግን ኦሪት ሰውን ከምድር እንስሳት ጋር በአንድ ቀን፥ በዐርብ አኖረችው፤ ሥጋውንም ከመሬት አደረገችው። የሥጋን ዝምድና ከእንስሳ ጋር መጽሐፉ አልሸሸገም፤ ሰውን የለየው እስትንፋሱና የእግዚአብሔር መልክ ነው። እስትንፋስ በአፅም ላይ ምልክት አይተውም፤ ስለዚህ አፅም የሚቈፍር ሊቅ ነፍስ የለችም ሊል አይችልም፤ መምህሩም አፅሙ የለም ሊል አይችልም።

ቀሪው ጥያቄ የሞት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሞት በአንድ ሰው ወደ ዓለም እንደ ገባ ያስተምራል፤ ድንጋዩ ግን ከሰው በፊት እንስሳት ለብዙ ዘመናት እንደ ሞቱ ይመሰክራል። የቅዱስ አትናቴዎስ ትምህርት በዚህ ይረዳል፤ ስለ ቃል ሥጋ መሆን በጻፈው መጽሐፍ ሰው በባሕርዩ ከኢምንት የተገኘ ስለ ሆነ የሚበሰብስ እንደ ነበረ፥ በጸጋ ግን ከመበስበስ ይጠበቅ እንደ ነበረ ያስረዳል። እንግዲህ ሐዋርያው የሚናገረው ሞት የሰው ሞት፥ ከጸጋ የመውደቅ ሞት ነው፤ የዓሣና የአራዊት ሞት አይደለም። ክርስቶስ የሻረውም ይህንኑ ሞት ነው፤ የትንሣኤ ትምህርት በድንጋዩ ምስክርነት አንዳች አይጐድልበትም።

የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ከዚያው ከእሳተ ገሞራ ወገን በሆነ ድንጋይ ነው። አባቶች እሳት ያወረደውን ዓለት መቅደስ ሲያደርጉት ዕድሜውን አልጠየቁም፤ ዕድሜውን ያወቀ ልጃቸውም በዚያው መቅደስ ለመቀደስ የሚከለክለው ነገር የለም። ዛሬ በሰንበት ቅኔ ማኅሌት የሚቆም፥ በሳምንቱ ቀን በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ዲያቆን አለ። መምህሩ ስለ ድንጋይ ሐሰት ቢነግረው፥ ሐሰቱን በዓይኑ አይቶ ይረዳዋል፤ ከዚያም በዓይኑ ሊያየው በማይችለው በትንሣኤ መምህሩን እንዴት ያምነዋል? ስለዚህ ዘፍጥረትን የሚተረጕም ሁሉ ንባቡ ማንን ሊያስመልክ፥ ማንን ከአምልኮ ሊያወርድ እንደ ተጻፈ አስቀድሞ ያስተምር፤ ስለ ተራራው ዕድሜ ሲጠየቅም ተራራውን የመረመረውን ያስጠይቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።