ከሚፈላው ጭማቂ በላይ

ከአንገር ጉቲን ከተማ ወደ ምሥራቅ፣ ሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ውስጥ፣ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ አለ። የሸንኮራ ጭማቂ በሚወፍርባቸው ማትነኛ ታንኮች ውስጥ እኔን የሚያስደንቀኝ የሚፈላው ጭማቂ አይደለም፤ ከበላዩ የሚተወው ባዶ ቦታ ነው።

እንፋሎት ከፈጠነ የጭማቂ ጠብታ ጠልፎ ይወጣል፤ ስኳሩም አብሮ ይሄዳል። ጠብታውን ክብደቱ ወደ ታች ይስበዋል፣ እንፋሎቱ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ዳኛው የታንኩ ስፋት ነው። መሐንዲሶቹ ሱደርስና ብራውን በ1934 እ.ኤ.አ. ለማንጠሪያ ማማ ያወጡት ቀመር አጭር ነው፦ የፈሳሹና የእንፋሎቱ እፍግታ ልዩነት ለእንፋሎቱ እፍግታ ይካፈላል፣ የውጤቱ ስኩዌር ሩት በሙከራ በተገኘ ቁጥር ይባዛል። የሚገኘው እንፋሎቱ ሊያልፈው የማይገባ ፍጥነት ነው።

በመጨረሻው ታንክ ቫኪዩም ሲመጣ ነገሩ ይጣፍጣል። በ100 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ የውሃ እንፋሎት 0.6 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ በቫኪዩም በ55 ዲግሪ ሲፈላ ግን 0.1 ገደማ። ያው ውሃ ስድስት እጥፍ ያህል ቦታ ይጠይቃል፤ የሚፈቀደው ፍጥነት የሚያድገው ግን ሁለት እጥፍ ተኩል እንኳ ሳይሞላ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ታንክ ወገቡ ይሰፋል። ጠብታ የሚይዝ የሽቦ መረብ ቢገጠም ጠባቡም ይበቃ ነበር፤ ስኳር ግን መረብ ይደፍናል፣ እኔ ባዶ ቦታውን እመርጣለሁ።