መጥቶ የሚሄደው ቁርጠት

አንጀቱ ተዘግቶ የመጣን ሰው ስለ ዛሬው ሕመሙ ብዙ አልጠይቀውም። ሆዱ ተነፍቷል፣ ያስመልሰዋል፣ ፈስም ሰገራም ቆሟል፤ ይህ ይታያል። እኔ የምፈልገው ያለፉትን ወራት ነው። «አባቴ፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ቆርጦዎት በራሱ ተሽሎዎት ያውቃል?» በሽተኛው የለም ይላል፤ የዛሬው ጣር የቀድሞውን አስረስቶታል። አብራው የመጣችው ሚስቱ ግን ታስታውሳለች፦ «እህል በቀመሰ ቁጥር ሲንከባለል ያድራል፤ ሲነጋ ደህና ነው። ስንት የጨጓራና የታይፎይድ መድኃኒት ጨረሰ!»

በአገራችን አንጀትን አዘውትሮ የሚዘጋው መጠማዘዝ፣ ወይም የቀድሞ ኦፕራሲዮን ጠባሳ ነው፤ የሆድ ቲቢም አይረሳም። እንዲህ እየመጣ የሚሄድ ቁርጠት ስሰማ ግን ካንሰር ያልሆነ እጢም አስባለሁ፤ የስብ ወይም የጡንቻ እጢ፣ አለዚያም ቫኔክ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1949 በጨጓራ ላይ አይቶ የገለጸው ዓይነት ፖሊፕ። አንጀት እጢውን እንደ ምግብ ቆጥሮ ወደፊት ሲገፋው፣ እጢው የበቀለበትን ግድግዳ ይጎትታል፤ የላይኛው አንጀት እንደ ተሰበሰበ እጅጌ በታችኛው ውስጥ ይገባል። ሲላቀቅ ሕመሙ ይጠፋል። አንጀት በአንጀት ውስጥ መግባት በአብዛኛው የሕፃናት ሕመም ነው፤ ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ አዋቂዎች ናቸው፣ በእነሱ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ከበስተጀርባው አንድ ምክንያት አለ።

ከባቱ ወይም ከመተሐራ ሪፈር ተጽፎለት ሲመጣ፣ ቁርጠቱ መንገድ ላይ ለቆት አዳማ በደህና የሚደርስ አለ። ያኔ የተነሳ አልትራሳውንድ ምንም ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ቁርጠቱ ሲነሳ እንደገና መታየት አለበት እላለሁ፤ ቀለበት በቀለበት ውስጥ የሚታየው ያኔ ነው። ሲቲ ስካን ከተገኘ ደግሞ የስብ እጢ ራሱን ያጋልጣል፤ ውሃ 0 በሚሆንበት መለኪያ ስብ ወደ -100 ይወርዳል።

ሆዱ ሲከፈት ችኮላ አይጠቅምም። ቀጭኑ አንጀት ከሆነና ካልጠቆረ፣ የገባውን ከታች እየገፋሁ አወጣዋለሁ፤ ከላይ መጎተት ይቀደዋል። በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ሸፍኜ እጠብቃለሁ። ቀለሙ ወደ ሮዝ ከተመለሰ፣ የደም ስሩ ከመታ፣ የሚቆረጠው እጢው ያለበት አጭር ክፍል ብቻ ይሆናል። ትልቁ አንጀት ላይ ግን ካንሰር የመሆኑ ዕድል ከፍ ስለሚል፣ ሳልነካካ ከነገባበት ማውጣትን እመርጣለሁ። የወጣውን በጎን ባለው ጠረጴዛ ላይ ስከፍተው ቢጫ፣ ለስላሳ ስብ ይፈነዳል፤ ወይም ነጣ ያለ ጠንካራ ጉብታ አናቱ ቆስሎ ይታያል። ለወራት የደም ማነስ ያመጣው ያ ቁስል ሊሆን ይችላል።

በር ላይ የሚጠብቁት ዘመዶች የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ዶክተር፣ ካንሰር ነው?» በዓይኔ ያየሁት ስብ ቢመስልም «አይደለም» አልልም። እጢው በፎርማሊን ወደ ፓቶሎጂ እንደሚሄድ፣ ውጤቱ ሳይታይ ለበሽተኛው እንዳይለቀስለትም እንዳይደገስለትም እነግራቸዋለሁ። ስልካቸውን በካርዱ ላይ አስጽፋለሁ፤ ስፌቱ ከደረቀ በኋላ ለውጤት የማይመለስ ብዙ ነውና።