ትንቢት እንደ ሸክም፤ ዳግም የሚወለደው ጀግና በሮበርት ጆርዳን «የጊዜ መንኮራኩር»

1. መነሻ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተመራቂ ተማሪ የጥናት ርእሱን ይዞ ወደ ቢሮዬ መጥቶ ነበር። ሊያጠና ያሰበው በእንግሊዝኛ በተጻፈ አንድ ረጅም የምናባዊ ዓለም ልቦለድ ውስጥ ትንቢት ያለውን ሚና ሲሆን፣ ይህንኑ በዐፄ ቴዎድሮስ ዙሪያ ከተጻፉ የአማርኛ ሥራዎች ጋር የማነጻጸር ዕቅድም ነበረው። ብዙ ሳላስብ ርእሱን እንዲለውጥ ነገርሁት። ሁለት ምክንያቶች ነበሩኝ። የመጀመሪያው፣ ደራሲ አገርና ሕዝብ፣ አስማትና ጭራቅ ከራሱ አእምሮ ፈጥሮ የሚጽፈው ልቦለድ ለጊዜ ማሳለፊያ እንጂ ለጥናት አይበቃም የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ትንቢት የልብ ሰቀላ ጠላት ነው የሚል ነበር። ጀግናው እንደሚመጣ፣ እንደሚዋጋና ደሙ የት እንደሚፈስ አስቀድሞ ከተነገረን ምን ቀረን? ተማሪው ሌላ ርእስ ይዞ ተመረቀ። እኔ መጻሕፍቱን ያነበብኋቸው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ሁለቱንም ምክንያቶች አልደግፋቸውም፤ በተለይ ሁለተኛው ከመሠረቱ የተሳሳተ መሆኑን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት እሞክራለሁ።

2. ሥራውና ታሪኩ

«የጊዜ መንኮራኩር» 14 ጥራዞች ያሉት ተከታታይ ልቦለድ ነው። የመጀመሪያው ጥራዝ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1990፣ የመጨረሻው ደግሞ በ2013 ነው። ደራሲው ሮበርት ጆርዳን በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው አሜሪካዊ ጄምስ ኦሊቨር ሪግኒ ሲሆን፣ በወጣትነቱ በቬትናም ጦርነት ዘምቷል። በ2007 ሥራውን ሳይጨርስ ስላረፈ የመጨረሻዎቹን ሦስት ጥራዞች ከተዋቸው ማስታወሻዎች ተነሥቶ ያጠናቀቀው ብራንደን ሳንደርሰን የተባለ ሌላ ደራሲ ነው። የታሪኩን መዝጊያ ግን ጆርዳን ከመሞቱ በፊት ራሱ ጽፎት ነበር።

በዚህ ልቦለድ ዓለም ዘመን እንደ መንኮራኩር ይዞራል። ያለፈው ዘመን ይረሳል፣ ተረት ይሆናል፣ ከዚያም ተመልሶ ይመጣል። ታሪኩ ከመጀመሩ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ ሉዊስ ቴሪን ቴላሞን፣ በማዕረግ ስሙ «ዘንዶው» የተባለ የጦር መሪ፣ የጨለማውን ጌታ በእስር ቤቱ ውስጥ ለማተም ዘምቶ ይሳካለታል። ነገር ግን ጠላቱ በአጸፋው ወንዶች የሚጠቀሙበትን የኃይል ምንጭ ይመርዘዋል። ከዚያ ኃይል የሚቀዳ ወንድ ሁሉ ያብዳል። ሉዊስ ቴሪንም አብዶ ሚስቱን ኢሊዬናን፣ ልጆቹንና ዘመዶቹን በገዛ እጁ ይፈጃል። አእምሮው ለአፍታ ሲመለስለት ያደረገውን አይቶ ራሱን ያጠፋል፤ በሞተበት ስፍራም ታላቅ ተራራ ይበቅላል። ሌሎቹ እብዶች ምድርን ያፈራርሷታል። ከዚህ በኋላ የሚነገረው ትንቢት፣ ዘንዶው በዚያው ተራራ ግርጌ ዳግም ተወልዶ በመጨረሻው ጦርነት ዓለምን እንደሚያድን፣ ዳግመኛም እንደሚያፈራርሳት የሚናገር ነው።

የአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። በእኛ ዘንድ ዘንዶ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚወጋው፣ በአክሱም ተረት ደግሞ አርዌ ተብሎ ሕዝብን ግብር የሚያስገብረው አውሬ ነው። ጀግናን «ዘንዶ» ብሎ መጥራት ለጆሯችን ይጎረብጣል። እንደኔ እምነት ግን ይህ መጎርበጥ የሥራውን ልብ በትክክል ያስነካናል። በልቦለዱ ውስጥም ሕዝቡ ይህን ስም የሚሰማው በተስፋ ብቻ ሳይሆን በድንጋጤም ጭምር ነው። እናቶች ልጆቻቸውን የሚያስፈራሩበት ስምና የሚጠበቀው አዳኝ ስም አንድ ነው። ዳግም የሚወለደው ጀግናው ብቻ አይደለም፤ ወንጀሉም አብሮት ይወለዳል።

3. ንግርና ትንቢት

በሥነጽሑፍ ትምህርት «ንግር» የምንለው ስልት ደራሲው ወደፊት ስለሚደርሰው ነገር ለአንባቢው ፍንጭ የሚሰጥበት ነው። ገጸ ባሕርያቱ አይሰሙትም። ትንቢት ግን በታሪኩ ዓለም ውስጥ የሚነገር፣ ገጸ ባሕርያቱ የሚሰሙት፣ የሚፈሩት፣ የሚጣሉበትና የሚነግዱበት ቃል ነው። እኔ የተሳሳትሁት ሁለቱን አንድ አድርጌ በማየቴ ነበር። ንግር መጨረሻውን ይጠቁማል፤ ትንቢት ግን ራሱ የግጭት ምክንያት ይሆናል። በዚህም የተነሣ ልብ የሚሰቅለው ጥያቄ «ምን ይሆን ይሆን?» መሆኑ ቀርቶ «ይህ ቃል ምን ማለት ነው? ማንስ እንዴት ይተረጉመዋል?» የሚለው ይሆናል።

ጆርዳን ይህን ጥያቄ በሚገባ ይጠቀምበታል። የአንድምታ መምህር አንዱን ቃል «አንድም» እያለ በየገጹ እንደሚያበራው፣ በልቦለዱ ውስጥም እያንዳንዱ ሕዝብ ለአንዱ ጀግና የየራሱ ስምና ንባብ አለው። በምድረ በዳ የሚኖሩት አይኤሎች ከንጋት ጋር የሚመጣው አለቃቸው ይሉታል፤ የነርሱ ትንቢት ግን ይኸው አለቃ ራሳቸውን እንደሚሰብራቸውና ጥቂት ትራፊ ብቻ እንደሚያተርፍ ይናገራል። ቃሉ የሚፈጸመው በሰይፍ አይደለም። በአራተኛው ጥራዝ ጀግናው አባቶቻቸው መሣሪያ የማይነኩ ሰላማውያን እንደነበሩ በአደባባይ ሲገልጽባቸው፣ በጦረኝነት የሚኮራው ሕዝብ ከውስጡ ይሰበራል።

ከሁሉ ይልቅ የሳበኝ የሁለቱ ቅጂዎች ነገር ነው። በዋናው ምድር በሚነበበው ትንቢት ዘንዶው ዘጠኙን ጨረቃዎች አስሮ እንዲያገለግሉት ያደርጋል። ከባሕር ማዶ የመጡት ሻንቻኖች በሚያነቡት ቅጂ ደግሞ ዘንዶው በንግሥታቸው የብርጭቆ ዙፋን ፊት መንበርከክ አለበት። አንዱ ቅጂ ገዥ ያደርገዋል፣ ሌላው ተገዥ። የብራና ጽሑፎችን የሚያመሳክር ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ቤተ መንግሥት የነካው ቅጂ ምን እንደሚሆን ያውቃልና። የሁለቱ ወገኖች ጉዳይ በመጨረሻ የሚቋጨውም በትንቢቱ ቃል ኃይል ሳይሆን በድርድርና በውል ነው።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። ኤላይዳ የተባለችው የነጩ ግንብ ሹም፣ ጀግናው በግንቡ መሪ ፊት ቀርቦ ቁጣዋን እንደሚያይ ራሷ ትተነብያለች። መሪዋ እርሷ ስለሆነች ቃሉ ስለ እርሷ የተነገረ ይመስላታል፤ በዚሁ እምነትም ከስሕተት ወደ ስሕተት ትሄዳለች። ቃሉ ሲፈጸም ግን በወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ኢግዌን ናት። እንዲሁም አሊቪያ የተባለችው ሴት ጀግናው እንዲሞት እንደምትረዳው ይነገራል። ወዳጆቹ ገዳዩ ትሆናለች ብለው ሲሰጉ ይኖራሉ። በመጨረሻ የምታደርገው ነገር ቢኖር፣ ሞቷል ተብሎ ከዓለም ዐይን እንዲሰወር ልብስና ገንዘብ ማዘጋጀት ነው። ቃሉ አልዋሸም፤ የዋሸው የሰሚው ፍርሃት ነው።

4. የራንድ ሸክም

ጀግናው ራንድ አልቶር በአንዲት ገጠር ቀበሌ በግ እየጠበቀ ያደገ ወጣት ነው። አባቴ የሚለው ሰው እንዳልወለደው የሚያውቀው ታም አልቶር ቆስሎ በትኩሳት ሲቃዥ፣ ሕፃኑን በጦርነት መካከል በተራራው ግርጌ በበረዶ ላይ እንዳገኘው ሲናገር ነው። ደራሲው ትንቢቱን በታላቅ አዋጅ ከማብሰር ይልቅ በታመመ አባት አፍ ማስወጣቱ የሚደነቅ ነው። ለራንድ ይህ ቃል የክብር ዜና አይደለም፤ አባቱን የሚነጥቀው ወሬ ነው።

ቀጥሎም ራንድ ይሸሻል። በሦስተኛው ጥራዝ የቲርን ምሽግ ሰብሮ ካላንዶር የተባለውን ሰይፍ ለመያዝ የሚሄደው ትንቢቱን ለመፈጸም ከመጓጓት ይልቅ እውነት እርሱ መሆኑን ለማጣራት ነው። ደራሲው በዚህ ጥራዝ ጀግናውን ራሱን እምብዛም አያሳየንም፤ ዱካውን በሌሎች ዐይን እንከተላለን። ስሙ የጥራዙ ርእስ የሆነው ሰው ከገጾቹ የጠፋ ነው። ትንቢት ሰውን እንዴት እንደሚውጠው ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም።

በኋላም የሟቹ የሉዊስ ቴሪን ድምፅ በራንድ ጭንቅላት ውስጥ ይናገር ጀመር። ስለ ገደላት ሚስቱ ያለቅሳል። ራንድም በበኩሉ በእርሱ ምክንያት የሞቱትን ሴቶች ስም በልቡ እየደረደረ ይቆጥራል። እንግዲህ ዳግም መወለድ ማለት የቀድሞውን ክብር መውረስ ብቻ ሳይሆን የቀድሞውን ጸጸት መውረስ ማለትም ነው። በ12ኛው ጥራዝ ራንድ ድንጋይ ልሁን ብሎ ልቡን ካደነደነ በኋላ አሳዳጊ አባቱን ታምን ሊገድለው ይቃጣል። የዘመድ ገዳዩ ታሪክ ሊደገም አንድ ስንዝር ሲቀረው ይቆማል። ከዚያ ሸሽቶ ሉዊስ ቴሪን በሞተበት ተራራ ጫፍ ላይ ይወጣና ይህ ሁሉ መመላለስ ለምን እንደሆነ ይጠይቃል። የሚያገኘው መልስ ቀላል ነው። ዳግም የምንኖረው የበደልነውን ለማረምና ዳግም ለመውደድ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ድምፆች አንድ ይሆናሉ።

ልብ ማለት የሚገባን ትንቢቱ ይህን መልስ የማይሰጠው መሆኑን ነው። ትንቢቱ የት እንደሚወለድ፣ ምን ሰይፍ እንደሚይዝ፣ ደሙ በየትኛው ዐለት ላይ እንደሚፈስ ይነግረዋል። በምን ዓይነት ልብ ወደዚያ እንደሚሄድ ግን አይነግረውም። የሥራው ልብ ሰቀላ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጀግናው ያሸንፋል ወይ የሚለው ጥያቄ ያን ያህል አያሳስበንም፤ የሚያሳስበን ሲያሸንፍ ሰው ሆኖ ይገኛል ወይ የሚለው ነው።

5. ስለ እኛ ቴዎድሮስ

ተማሪዬ ንጽጽሩን ያሰበው ያለ ምክንያት አልነበረም። «ፍካሬ ኢየሱስ» የተባለው የግእዝ ድርሳን ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ተነሥቶ ሰላምን እንደሚያመጣ ይናገራል። የቋራው ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭኑ ይህን ስም ስመ መንግሥት አድርገው ወሰዱ። እዚህ ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ራንድ ስሙ አሳድዶ የያዘው ሰው ነው፤ ካሣ ግን ስሙን ራሳቸው የመረጡ ሰው ናቸው። በሁለቱም ዘንድ ስሙ ከሰውየው ይገዝፋል። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲሞቱ ትንቢቱ አብሮ አልሞተም፤ እውነተኛው ቴዎድሮስ ገና ይመጣል የሚለው ተስፋ ዛሬም ከሰው አፍ አልጠፋም።

የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ም ሆነ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ከዚህ ጥያቄ አንጻር እንደገና ሊነበቡ ይገባል እላለሁ። የመጀመሪያው ሥራ ርእስ ራሱ ከሰይፉ ይልቅ እንባውን ማስቀደሙ የሚያመራምር ነው። በየመድረኩ በግጥም «ቴዎድሮስ ይነሣ» ስንል ግን የምንጠራው አብዛኛውን ጊዜ አገር አንድ ሊያደርግ የተነሣውን፣ መድፍ ያሠራውንና እጅ ከመስጠት ሞትን የመረጠውን ሰው ብቻ ነው። ጎንደር የተዘረፈችውና የተቃጠለችው፣ በመቅደላም እስረኞች ወደ ገደል የተጣሉት በዚሁ ንጉሥ ትእዛዝ ነበር። ይህን የምለው ታላቅነታቸውን ለማሳነስ አይደለም። ጀግና ዳግም ይወለድ ብሎ የሚጸልይ ሕዝብ ሸክሙንም አብሮ እየጠራ መሆኑን ማወቅ ስላለበት ነው። የጆርዳን ልቦለድ በፈጠራ ምድር ላይ ሆኖ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው።

6. ጉድለቶቹ

ሥራው እንከን የለውም ማለት አይደለም። አንደኛ፣ ትንቢቱ በዝቷል። ከዋናዎቹ ትንቢቶች ሌላ የኢግዌን ሕልም፣ የሚን ራእይ፣ የኤላይዳ ንግርት አለ። በተለይ ሚን ትርጉሙን አውቄዋለሁ ያለችው ራእይ ፈጽሞ የማይስት በመሆኑ፣ ትርጓሜ የሚያስገኘውን ውጥረት ደራሲው በገዛ እጁ ያላላዋል። ሁለተኛ፣ መካከለኛዎቹ ጥራዞች፣ በይበልጥም አሥረኛው፣ ሴራው ወደፊት እምብዛም የማይራመድባቸው ናቸው። ሦስተኛና ዋነኛው፣ ራንድ በመጨረሻ ከጠላቱ ጋር ሥጋ ተለዋውጦ በሕይወት መትረፉ ነው። የራሱ ሥጋ ይሞታል፣ እርሱ ግን በሌላው ሥጋ ሆኖ ይሄዳል። ትንቢቱ እንደ ቃሉ ተፈጸመ፤ ይሁንና 14 ጥራዝ ሙሉ የተሸከምነው ዋጋ ያላንዳች ማብራሪያ የተቀነሰልን ይመስለኛል።

7. መደምደሚያ

ትንቢት በልቦለድ ውስጥ መጨረሻውን የሚያጋልጥ ድክመት ነው የሚለው አስተያየት ትንቢትን ከንግር ጋር ከማምታታት የሚመነጭ ነው። በብልህ ደራሲ እጅ ትንቢት የሰውን ነጻነት አያጠፋም፤ ነጻነቱ የት እንደሚጀምር ድንበሩን ያሳያል። ስለ ምናባዊው ዓለም ልቦለድም ቢሆን፣ በተአምረ ማርያምና በገድላት ያደገ የሥነጽሑፍ ባህል የማይታየውን ዓለም ለጥናት አይበቃም ማለቱ ራሱን መዘንጋት ነው። ያንን ርእስ ዛሬ ሌላ ተማሪ ይዞ ቢመጣ እንዲለውጥ አልነግረውም። የምነግረው ነገር ቢኖር መቅደላንም ሳይዘነጋ እንዲያነብ ነው።