«ኔትወርክ የለም» ስለሚባለው ነገር
ከሮቤና ከጎባ የቀረበ ትችት

በሮቤም ሆነ በጎባ ከተማ በስልክ የሚተላለፍ ንግግር ወይም ቪዲዮ በመካከሉ ሲቆም ሰው ሁሉ የሚናገረው ቃል አንድ ነው፤ ይኸውም «ኔትወርክ የለም» የሚለው ነው። ይህን ተናግሮ ስልኩን ወደ ኪሱ የሚመልስ ሰው ነገሩን መርምሮ የጨረሰ ይመስለዋል። እኔም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ ስል ኖሬአለሁ። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምፈልገው ግን በዚህ አንድ ቃል ሥር ብዙ ዐይነት ጉድለት ተሸሽጎ እንደሚኖር፣ ዋና ዋናውም የባሌ ተራራ ጥፋት ሳይሆን ስርጭቱን የሚያዘጋጁት ሰዎች ጥፋት መሆኑን ነው።

ነገሩን እንድመረምር ያስገደደኝ አንድ አጋጣሚ ነበር። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። በዚያው ዓመት ክረምት ከወላጆቼ ዘንድ ሮቤ ሳለሁ፣ ስለዚሁ ፓርክ አንድ ንግግር ከአዲስ አበባ በቀጥታ በኢንተርኔት እንደሚተላለፍ ሰማን። ንግግሩ ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ሳነቴ አምባ ስለ ሆነ ከማንም ይልቅ የሚመለከተው የባሌን ሰው ነበር። ስለዚህ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ከሮቤ፣ አንዱ ጓደኛችን 14 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ከጎባ፣ ሌላው ደግሞ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ካለበት ከዲንሾ ሆነን ለመከታተል ተስማማን። ስርጭቱ በቆመብን ቁጥርም ሁላችን እንድንጽፍ ተነጋገርን። የምንጽፈው ሰዓቱን አልነበረም፤ ተናጋሪው ከመቆሙ በፊት የተናገረውን የመጨረሻ ቃል ነበር እንጂ።

ቃሉን የመረጥንበት ምክንያት አለን። ቀጥታ ስርጭት የሚባለው በእውነት ቀጥታ አይደለም። አፕል የተባለው ድርጅት በ2001 ዓ.ም. ባወጣውና ዛሬ እጅግ በተስፋፋው ዘዴ፣ ቪዲዮው አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ስድስት ሴኮንድ በሚሆኑ ቁራጮች ተቆርጦ ይላካል። ስልኩም ሦስት ያህል ቁራጭ ሳያጠራቅም ማሳየት አይጀምርም። እንግዲህ ሦስት ጊዜ ስድስት 18 ሴኮንድ ነው፤ የመንገዱ ሲጨመርበት ከዚያም ይበልጣል። የኳስ ጨዋታ በስልኩ የሚያይ ጎረምሳ ዲሽ ካለው ጎረቤቱ ቤት ጩኸት ሰምቶ ጎሉን ከግማሽ ደቂቃ በኋላ የሚያየው ስለዚህ ነው። ይህ መዘግየት ብልሽት አይደለም። ከስልክ ስልክም ስለሚለያይ የግድግዳ ሰዓት ለምርመራ አይረዳም።

ማስታወሻችንን ባስተያየን ጊዜ ሁለት ነገር ተገለጠልን። አንድ ጊዜ ብቻ ሮቤም፣ ጎባም፣ ዲንሾም በአንዲት ቃል ላይ ቆመዋል፤ ይህ ጥፋቱ ከምንጩ፣ ከአዲስ አበባው አዳራሽ መሆኑን ያመለክታል። የቀረው መቆም ሁሉ ግን በየቦታው በተለያየ ቃል ላይ ነበር። ይህስ የየአካባቢው መስመር ድካም ነው። ይሁን እንጂ መስመሩ ደከመ እንጂ አልሞተም፤ ቪዲዮው ቆሞ በተገተረበት ደቂቃ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት እንለዋወጥ ነበርና።

ዋናው ትችቴ እዚህ ላይ ነው። የስርጭቱን የጥራት ምርጫ ብንከፍተው የተገኘው አንድ ብቻ፣ 720 የሚለው ነበር። በደንብ የተዘጋጀ ስርጭት እንደ መሰላል ነው፤ መስመሩ ሲጠብ ተመልካቹ ሳይወድቅ ወደ ታችኛው እርከን ይወርዳል። ይህኛው አንድ እርከን ብቻ ያለው መሰላል ነበር። ሒሳቡን እንመልከት። በሴኮንድ 2,500 ኪሎቢት የሚፈጅ ቪዲዮ በአንድ ሰዓት 1,125 ሜጋባይት ይበላል። ንግግር አጥርቶ ለመስማት የሚበቃ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት የሆነ ድምፅ ግን በሰዓት 29 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ጥቅል በብር እየገዛ ለሚሰማ ተማሪ ልዩነቱ ምን ማለት እንደ ሆነ መግለጥ አያሻኝም። አፕል ራሱ በሞባይል መስመር ለሚተላለፍ ስርጭት በሴኮንድ ከ192 ኪሎቢት የማይበልጥ አንድ እርከን እንዲኖር በደንቡ ያዛል። ደንቡ የተጻፈው ለሳነቴ ታስቦ አይደለም፤ ለሳነቴ ግን ይጠቅም ነበር።

ይህን ለአዘጋጆቹ በስልክ ብናመለክት «ከእኛ በኩል ደኅና ነው፣ ጥርት ብሎ ይታያል» የሚል መልስ አገኘን። እውነታቸውን ነው፤ ከላኪው ገመድ አጠገብ በተቀመጠ ቴሌቪዥን ለምን አይታይም? ነገር ግን ደብዳቤ የጻፈ ሰው ደብዳቤውን ራሱ ስላነበበው ደርሷል አይባልም። ሥዕሉ ደብዝዞ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልተቀየመ ነበር፤ ስለ ቀበሮው የተነገረው ቃል መቆራረጡ ግን ንግግሩን ከንቱ አደረገው።

ሌላው ጉድለት ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። በጎባ ጓደኛችን ያረፈበት ቤት ባለቤት የሆኑ አዛውንት «ልጄ፣ የእኔንስ ኔትወርክ እምቢ ብሎታል» ብለው ስልካቸውን ሰጡት። በዚያው ክፍል የእርሱ ስልክ ሲሠራ የእርሳቸው ገጹን እንኳ አይከፍትም። ቢመለከተው ቀኑ በእጅ ተሞልቶ 2016 ይላል። እያንዳንዱ የተጠበቀ የኢንተርኔት ገጽ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል የምስክር ወረቀት አለው። የእርሳቸው ስልክ በፈረንጅ አቈጣጠር 2016 ላይ ያለ ስለሚመስለው፣ በ2024 የተሰጠው ወረቀት ገና ያልተወለደ ሆኖ ታየውና አልቀበልም አለ። ጓደኛችን ቀኑን ከመስመሩ በራሱ እንዲወስድ ቢያስተካክለው ወዲያው ተከፈተ። አዛውንቱ ግን «ታዲያ ለአንድ ንግግር ብዬ ዘመኔን ለፈረንጅ ላስረክብ?» አሉ። የእኛን ዘመን የሚያሳይ የቀን መቁጠሪያ ለብቻው ቢጭንላቸው ነው የታረቁት።

ቀኑን ትተው ሰዓቱን ብቻ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልሱም አሉ፤ ጧት ሲነሡ ስልካቸው «12» እንዲላቸው ነው። የምስክር ወረቀቱ ይህን ያህል ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ ይችላል። ዳሽ በሚባለው የስርጭት ዘዴ ግን ስልኩ የሚጠይቀውን ቁራጭ የሚያሰላው በሰዓት ነው። አዘጋጁ ትክክለኛውን ሰዓት የሚነግር ምልክት ካላስገባበት፣ ስልኩ ከስድስት ሰዓት በፊት የነበረውን ቁራጭ ይጠይቃል፤ መልሱም 404፣ ማለት «የለም» ይሆናል። የክላውድ ኩባንያዎች የእርዳታ ጽሑፍ ቢበዛ «ቀንና ሰዓትዎን ያረጋግጡ» ብሎ ያልፋል። በእኛ አገር በትክክል የተሞላ ሰዓት ሁለት ዐይነት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ቢጽፈው ኖሮ፣ ይህ ምክር ከመጀመሪያው ረድፍ በተቀመጠ ነበር።

ክላውድ ማለት ደመና ነው፤ በጎባ ደመና ሲባል ከሳነቴ የሚወርደው ጉም ስለሚታሰብ ብዙ ሰው ጥፋቱን በጉሙ ያሳብባል። ነገሩ ግን የኪራይ ኮምፒዩተር ነው። አማዞን በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በኬፕ ታውን፣ ጉግልም በጥር 2016 ዓ.ም. በጆሃንስበርግ እንዲህ ያለ ማእከል ከፍተዋል። ከሮቤ የሚነሣው ጥያቄ እዚያ ለመድረስ እንደ ጂቡቲ ባለ ጎረቤት አገር በኩል ወደ ባሕር ገመድ መውጣት አለበት። ሆኖም ለተከማቸ ቪዲዮ ርቀቱ የሚፈራውን ያህል አይጎዳም፤ ቅጂው ቀረብ ባሉ ማእከሎች ይቀመጣልና። በሰኔ 2012 መጨረሻ በመላው አገር እንደ ሆነው ኢንተርኔት በውሳኔ ሲዘጋ ደግሞ ሁሉም አገልግሎት በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ለዚህ ምርመራ አያስፈልገውም።

ንግግሩ ካለቀ በኋላ የተቀዳው የሚገኝበት አድራሻ ተላከልን። በከፈትነው ቁጥር የሚታየው 403 ነበር። ጓደኛዬ «ኔትወርክ» እያለ ሁለት ጥቅል ገዝቶ ሌሊቱን ሲሞክር አደረ። 403 ግን «ዕቃው አለ፣ ለአንተ ግን አልተፈቀደም» ማለት ነው፤ የአድራሻው ፈቃድ ጊዜው አልፎበት ወይም ጭራሹን ሳይሰጥ ቀርቶ ነበር። ቁጥሩን ጠቅሰን ብንጽፍላቸው በማግስቱ ተከፈተ።

ከዚያ ቀድተን ድምፁን ብቻ ለየነው። የዲንሾው ጓደኛችን ደሎ መና ለሚያስተምር ወንድሙ በሜሞሪ ካርድ አድርጎ ላከለት። ካርዱ በአውቶቡስ ሳነቴን አቋርጦ፣ ንግግሩ በሚያወሳቸው ቀበሮዎች አጠገብ አልፎ፣ በሐረና ደን በኩል ወርዶ በዚያው ቀን ማታ ደረሰ፤ ሳይቆራረጥም ተሰማ።