ዕቅዱ ከጨነቅ ይጀምራል

ስሜን ተራሮችን ለማየት የሚደውልልኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጥያቄ ይጀምራል፤ «ራስ ደጀን ስንት ቀን ይፈጃል?» ጥያቄው ነውር የለበትም። ነገር ግን ጉዞውን ከተራራው ጫፍ ማስላት ከጀመርን ለአውሬው የሚተርፍ ጊዜ የለም። እኔ በበኩሌ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ከጎንደር በፊት የት ከርመሃል? የመጣኸው ዋልያ ለማየት ነው ወይስ ዋልያ ያለበት አገር ደርሻለሁ ለማለት? ሁለተኛው ትንሽ ቅር ያሰኛል፤ የቀኑን ብዛት የሚወስነው ግን እሱ ነው።

እኔ የማቅደው ፓርኩ ውስጥ ካለው የጨነቅ ድንኳን ሰፈር ወደ ኋላ ነው። ዋልያ በብዛት የሚታየው ጨነቅ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ሁለት ሌሊት መታደር አለበት። ይህ ከተወሰነ በኋላ የቀረው ጥያቄ እንግዳው ጨነቅ ሲደርስ ሳንባው አብሮት ደርሷል ወይ የሚለው ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ናት፤ ደባርቅ 2,850፣ ከዚያ ሰፈሮቹ፦ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ ከዚያ ጥቂት ከፍ ይላል። ችግሩ ያለው የመኪናው መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ፓርኩን አቋርጦ ጨነቅ ይደርስና በቧሂት ትከሻ ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ ይወርዳል። ጎንደር ቁርሱን የበላ ሰው በዚያው ቀን ጨነቅ ድንኳን ውስጥ ሊተኛ ይችላል ማለት ነው። በአንድ ቀን 1,500 ሜትር! ቀኑን ደህና ይውላል፤ ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ የሚነሱት ሌሊት ነው። በማግስቱ ዋልያው ፊቱ ቆሞ እሱ ራሱን ይዞ ይቀመጣል።

ከ3,000 ሜትር በላይ ዋናው ነገር ቀን የወጡበት ከፍታ ሳይሆን ሌሊት የተኙበት ነው። የመኝታው ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመከራል። ስለዚህ ደባርቅ አንድ ሌሊት፣ ሳንቃበር አንድ፣ ግጭ አንድ፣ ከዚያ ጨነቅ። ቀን ቀን ከመኝታው በላይ ወጥቶ መመለስ ይጠቅማል፤ ከግጭ ወደ ጨነቅ የምንሄደው በእሜት ጎጎ (3,926 ሜትር) በኩል ዞረን፣ ከጨነቅም ቧሂት (4,430 ሜትር) ደርሰን የምንመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ቧሂት ላይ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው ስድስት አስረኛውን አይሞላም። ዳያሞክስ የሚባለውን የከፍታ ሕመም ኪኒን ይዞ የሚመጣ እንግዳ አለ፤ ሐኪም ካዘዘለት መልካም፤ ግን ኪኒኑ አንድ ሌሊት አይተካም።

ሳንቃበርና ጨነቅ መኪና ይገባቸዋል፤ ግጭ አይገባውም። ስለዚህ ሳንቃበር ላይ ራሱን ያመመውና ምግብ ያስጠላው ሰው እስኪሻለው እዚያው ይቆያል እንጂ ወደ ግጭ አላወጣውም። ሲራመድ የሚንገዳገድ ወይም ተኝቶ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ከሆነ ደግሞ ይወርዳል፤ እኩለ ሌሊትም ቢሆን። ይነጋል ተብሎ አይጠበቅም።

ወደ አውሬው ልመለስ። ዋልያ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ወደ ማምሻው ገደል ላይ ሲግጥ ይታያል፤ ቀትር ላይ ጥላ ይዞ ይተኛል። ከግጭ ተነስተን በእሜት ጎጎና በእናትዬ ዞረን ጨነቅ ስንደርስ ሰው ሁሉ ደክሟል፤ የመጀመሪያው ምሽት ብዙ ጊዜ ለሻይና ለጫማ ማውለቂያ ይሄዳል። አንድ ሌሊት ብቻ ያደረ ቡድን የሚተርፈው አንድ ጠዋት ነው፤ እሱንም ድንኳን ሲጠቀልል ያሳልፈዋል። ሁለት ሌሊት የምለው ይህን ቆጥሬ ነው።

ነፋሱም የዕቅዱ አካል ነው። ፀሐይ ገደሉን ካሞቀችው በኋላ አየሩ ከቆላው ወደ ላይ ይነሳል፤ አፋፉ ላይ የቆመ ሰው ጠረኑ ታች ላለው ዋልያ አይደርስም። ሲመሽና ገና ሳይነጋ ግን ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ስለሚፈስ ከላይ ያለነው ሁሉ እንታወቃለን። ስለዚህ ማለዳ ላይ ከአፋፉ በቀጥታ በላይ አልቆምም፤ በጎን እመጣለሁ፤ ፀሐዩ ጠንከር ሲል ወደ ጠርዙ እጠጋለሁ። ያው ወደ ላይ የሚነሳው አየር ግን ጉሙን ይዞት ይመጣል። እሜት ጎጎ ላይ ቀትር ላይ የደረሰ እንግዳ ነጭ ግድግዳ ፎቶ አንስቶ መመለሱ ብርቅ አይደለም።

ጭላዳ ከሁሉም ይቀላል፤ በመቅለሉም ይበላሻል። ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ ፀሐይ ስትሞቅ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ወደ ሜዳው ወጥቶ ሣር ሲነጭ ይውላል። መሸሸጊያው ገደሉ ነው። በመንጋውና በገደሉ መካከል የገባ ሰው የቤቱን በር እንደዘጋበት ነው፤ እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ይበረግጋሉ፤ የጠዋቱ ግጦሽ ይቋረጣል። በሜዳው በኩል ሆነን መሬት ላይ እንቀመጣለን፤ አንከተልም፤ ምግብ አንወረውርም። እነሱ እየጋጡ ራሳቸው ይቀርባሉ።

ቀይ ቀበሮን ቃል አልገባም። በአገሪቱ ከቀሩት ጥቂት መቶዎች አብዛኞቹ ያሉት ባሌ ነው፤ ለእሱ ብቻ የሚመጣ ሰው ካለ እዚያው ባሌ፣ ሳነቲ ሂድ እለዋለሁ፤ ገበያዬን ብጎዳም። ግጭ ሜዳ ላይ ግን ጭላዳ ባየሁ ቁጥር በመንጋው ዙሪያ መነጽሬን አዞራለሁ። መንዝ ጓሳ ላይ በተደረገ ጥናት ቀበሮዎች በጭላዳ መንጋ መሐል ሲያድኑ ብቻቸውን ከሚያድኑት ይልቅ አይጥ ይቀናቸዋል። ስሜን ላይም እንዲሁ ነው ብዬ አልምልም፤ መነጽር ማዞር ግን ወጪ የለውም።

ወቅቱን ባጭሩ፦ ከጥቅምት እስከ የካቲት መንገዱ ደረቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው። መስከረም ጭቃ አለው፤ አበባውና ልምላሜው ግን ይክሳል። ካለፉት ዓመታት ጦርነትና ግጭት ወዲህ ደግሞ ከወቅቱም የሚቀድም ነገር አለ፤ ደባርቅ ደውዬ የመንገዱን ሁኔታ ሳላጣራ ቀን አልቆርጥም።

የሠራተኛው ነገር በወረቀት ላይ አንድ መስመር ይይዛል፤ መሬት ላይ ግን ጉዞውን የሚሸከመው እሱ ነው። ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ)፣ ምግብ አብሳይ፣ ባለበቅሎዎች። ከእንግዳው የመኝታ ከረጢት በፊት የባለበቅሎውን ብርድ ልብስ አያለሁ፤ ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያደረ ሰው ጠዋት በቅሎ አይጭንም። ረቡዕና ዓርብ የሠራተኛው ምግብ ጾም ነው፤ ከእንግዳው ድስት ይለያል። 3,600 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ባቄላና ምስር ጋዝ ይጨርሳሉ፤ ሽሮ ያዋጣል። ቀድሞ ግጭ መንደር ውስጥ ቡና ተጠጥቶ ይታረፍ ነበር፤ ነዋሪው እ.ኤ.አ. በ2016 ደባርቅ ከሰፈረ ወዲህ ያ ማረፊያ የለም። ፓርኩ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ (1978) በኋላ አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ከ1996 እስከ 2017 የቆየበት አንዱ ምክንያት ግጦሹ ነበር። ሣሩ አገግሟል ይላሉ፤ እኔም እንደዚያው አያለሁ። የመንደሩ ቡና ግን ይናፍቀኛል።

ራስ ደጀንስ? ከፍታው 4,533 ሜትር ነው፤ የድሮ መጻሕፍት 4,620 ይሉታል። ከጨነቅ ተነስቶ ቧሂትን ተሻግሮ እስከ መሸሃ ወንዝ መውረድ፣ ከዚያ እንደገና መውጣት ያስፈልጋል፤ መመለሻውም ያው ነው። መንገዱ የገብስ ማሳና የመንደር መንገድ ነው፤ ሰዎቹ ደግ ናቸው፤ አውሬ ግን ብዙም አይጠበቅም። አልቀርም ላለ እንግዳ ከጨነቅ ሁለተኛ ሌሊት በኋላ አስገባዋለሁ፣ በፊት ግን በጭራሽ። በዚያ ጊዜ ዋልያውን ጠግበው ያዩ ብዙዎች ራሳቸው ጉዞውን ይሰርዙና ሦስተኛ ቀን ጨነቅ እንዋል ይላሉ። በቅሎዎቹ ለሙሉው ጉዞ ስለተከራዩ ሂሳቡ አይቀነስም፤ ይህንን ደባርቅ ላይ፣ ገና ጭነት ሳይታሰር፣ እነግራቸዋለሁ።